የፋንታዬ ቃርና የዳንኤል አልጫ

ፋንታዬን መጀመሪያ ያናደዳት ዶክተሩ ነው። ከዶክተሩ ቀጥሎ ዳንኤል፣ ከዳንኤል ቀጥሎ ውብአየሁ፣ ከዚያ ጥሩብርሃን፣ ከዚያ የሲያትሉ ሬኒየር ቫሊ ሠፈር ሐበሻ በሙሉ። ተራ ይዘው ነው የመጡባት። እሷም ድሮ ቱግ ባይ ነች፣ እሱ አይካድም። በዚያ ዓመት ግን፣ በፈረንጅ በሰማንያ ስድስት፣ ንዴቷ ከየት እንደሚነሳ በጣቷ ማሳየት ትችል ነበር። እዚህች ጋ፣ የጎድን አጥንቶች የሚገናኙበት ጎድጓዳ ላይ። ከዚያ ይነሳና እንደ ፈላ ዘይት ደረቷን ሰንጥቆ ጉሮሮዋ ይደርሳል። አፏ ኮምጣጣ ውሃ ይሞላል። ትውጠዋለች። ተመልሶ ይመጣል።

ቃር ነው። ቃርን ማንም ያውቀዋል፤ ማንም ስለሚያውቀው ደግሞ ማንም በሽታ ነው አይለውም።

ፋንታዬ ያኔ አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። በሱዳን በኩል ወጥታ፣ ካርቱም ሁለት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ፣ ሲያትል ከገባች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም፤ ያላት እጇ ነው። ጥሩብርሃን የምትባል ሴት ሬኒየር መንገድ ላይ ከአንድ ቬትናማዊ የተረከበችው ስምንት ጠረጴዛ ያለው ምግብ ቤት አላት፣ ፋንታዬ የዚያ ቤት ወጥ ሠሪ ነች። ሶዶ ከሚሉት የሲያትል ሠፈር መጋዘኖች ሺፍት ጨርሰው የሚመጡት፣ ታክሲያቸውን በር ላይ ፓርክ አድርገው የሚገቡት፣ እሁድ ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡት፣ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም፣ ሁሉም የሚመጣው "የፋንታዬ እጅ" ብሎ ነው። የቤቱን ስም በደንብ የማያውቁ ሁሉ አሉ። "የት እንብላ?" ሲባል "ፋንታዬ ጋ" ነው። ጥሩብርሃን ይሄን ስትሰማ ፈገግ ትላለች፤ ፈገግታው ግን ከጥርስ አያልፍም።

ሥራው እንዲህ ነው። ጠዋት ሽንኩርት ይከተፋል፣ ቁሌቱ ይጣዳል፣ በርበሬው ይገባል፣ ከዚያ እስከ ማታ መቅመስ ነው። በማንኪያ ጫፍ መዳፏ ላይ ጠብ ታደርግና ትልሳለች። ጨው? ትልሳለች። ቅመም? ትልሳለች። ማታ ቤቱ ሲዘጋ ጥሩብርሃን ትሪ ታቀርባለች፣ ሠራተኛው ይከባል፣ ቀኑን ሙሉ በቅምሻ የዋለ ሆድ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ በቀይ ወጥ ይሞላል። "በሞቴ፣ ይቺን!" ትላለች ጥሩብርሃን፤ ጉርሻዋ ደግሞ የጡጫ ያህል ነው። ከዚያ ሰባት ቁጥር አውቶቡስ፣ ከዚያ ኦቴሎ ሠፈር ያለችው አንድ ክፍሏ፣ ከዚያ አልጋ። ጋደም ስትል እሳቱ ይነሳል። ቁጭ ብላ ታነጋለች። ጠዋት ድምጿ እንደ ወንድ ጎርንኖ፣ ሳል እያጣደፋት ሥራ ትገባለች።

ሲብስባት ክሊኒክ ሄደች። ያስተረጎመላት ዳንኤል ነው። ዳንኤል የጴንጤዎቹ ቸርች ልጅ ነው፣ ሃያ አራት ዓመቱ፣ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል። እንግሊዝኛ ስለሚችል ሐበሻውን ሁሉ በየቢሮው ይዞ የሚዞረው እሱ ነው፣ ለጽድቅ ብሎ። ፋንታዬ "ቃር ነው በለው" አለችው። ዳንኤል ቃር በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አያውቅም። ላብ አጠመቀው። ሲጨንቀው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ልቧ ይቃጠላል" የሚለውን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ገለበጠው። ዶክተሩ "አሃ፣ ሀርትበርን!" ብሎ ጻፈ። ለካ ፈረንጅም እንደዚያው ነው የሚለው! ዳንኤል እንዲህ ያለ ዕድል ገጥሞት አያውቅም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሐኪም እንግሊዝኛ የገባው መሰለው። ጣጣው ሁሉ ከዚያ ነው የመጣው።

ዶክተሩ ያን ቀን ያላት ነገር ቢኖር "አትናደጂ" ነው። ንዴት አሲዱን ይጨምራል አለ። ፋንታዬ ይሄ ሲተረጎምላት ተናደደች።

"አንተ፣ ማን ነው የነገረው እናደዳለሁ ብሎ?"

"ማንም አልነገረውም እትዬ፣ ለሁሉም ሰው የሚሉት ነገር ነው።"

"ለሁሉም ሰው የሚለውን ለሁሉም ሰው ይበል። እኔን ምን አየብኝና ነው?"

ነጭ ወፍራም ነገር አጠጥተው ራጅ አነሷት። በሁለተኛው ቀጠሮ ዶክተሩ ወረቀት ላይ ጨጓራ እየሣለ ሃያ ደቂቃ ያህል ተናገረ። እጁን አወራጨ፣ አልጋ የሚመስል ነገር ሣለ፣ ሰዓት ሣለ፣ በመጨረሻ አንድ በእንግሊዝኛ የታተመ ወረቀት ሰጣት። ዳንኤል ራሱን ይነቀንቃል፣ የእጅ ሰዓቱን ያያል።

"ምን አለ?" አለች ፋንታዬ።

"የጨጓራዎ አፍ ላልቷል ነው የሚለው። መዘጋት ሲገባው አይዘጋም፣ አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል። ሳሉም ድምፅዎም ከሱ ነው፣ ሳንባዎ ንጹሕ ነው።"

"እሺ፣ መድኃኒቱስ?"

"መድኃኒቱ ምግብ ነው። ሶ፣ ዋናው ነገር፣ አልጫ ይብሉ።"

"ይሄን ሁሉ ሰዓት አልጫ ብዪ ነው ሲለኝ የነበረው?"

"ቀይ የለም፣ አልጫ ብቻ። ሌላው ዝርዝር ወረቀቱ ላይ አለ። ኦኬ እትዬ? መኪናዬን ያቆምኩበት ሰዓት ሊያልቅ ነው፣ ትኬት ይለጥፉብኛል።"

ዶክተሩ ያለው "ብላንድ" ነው። ብላንድ ማለት ቅመም የሌለው፣ ቅባት የሌለው፣ ምንም ምንም የማይል ምግብ ነው። ዳንኤል ለዚህ ሁሉ አንድ ቃል ፈለገና አልጫን አገኘ። ጣዕም የሌለውን ሰው አልጫ እንል የለ? ጣዕም የሌለውን ቀልድ አልጫ እንል የለ? እንደሱ መስሎት ነው። ልጁ ወጥ ቤት ገብቶ አያውቅም።

ፋንታዬ ደግሞ አልጫ ሥሪ ከተባለች እንዴት እንደሚሠራ የሚነግራት ሰው አልተፈጠረም። በማግሥቱ አምስት ራስ ቀይ ሽንኩርት ከተፈች፣ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት ወቀጠች፣ ዝንጅብሉን ጨመረች፣ እርዱን ነሰነሰች፣ ቅልጥም ያለው የበሬ ሥጋ ከተተችበት። ለበሽታ ነው ብላ ንጥር ቅቤውን አልቆጠበችም። ወጡ ወርቅ መስሎ ቅቤው ከላይ ተንሳፈፈ። ይሄን ጠዋት በላች፣ ማታ በላች። እንደታዘዘችው ከሥራ ቅምሻ በቀር ቀይ አልነካችም፣ እንደ ጾም ያዘችው። አልጫው ከቀይ ወጡ የባሰ አቃጠላት።

ስድስት ሳምንት ሙሉ። የማይድን ነገር ነው የያዘኝ ብላ ደመደመች። እንቅልፍ ስታጣ ከሳች፣ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተንጠለጠለ። ሳሉ ከጠዋት አልፎ ቀን ላይ መጣ። ሰው ሲያወራት ታጣድፈዋለች፣ ምክንያቱም ብዙ ካወራች ያስላታል።

በዚህ መሀል ነው ውብአየሁ የገባው። ጋሽ ውብአየሁ ታክሲ ነጂ ነው፣ ስልሳ የተጠጋ፣ አገር ቤት አስተማሪ የነበረ፣ አሁንም ሰውን ሁሉ እንደ ተማሪው የሚያይ። ወሬ እሱ ታክሲ ላይ ሳይሳፈር የትም አይደርስም።

"ፋንታዬ፣ አልጫ ብቻ መብላት ጀመርሽ አሉ" አላት አንድ ቀን ምሳ ሰዓት፣ ቤት ሙሉ ሰው ፊት። "ጨዋታሽ አልጫ የሆነው ለዚህ ነው እንዴ?"

"የርስዎ ጨዋታ ሳይበላም አልጫ ነው ጋሼ።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ውብአየሁም አብሮ ሳቀ፣ ግን ቂም ያዘባት። በሚቀጥለው ጊዜ ስትስል አልሳቀም። ጎኑ ወዳለው ሰው ዘንበል ብሎ "ያቺ ሳል ደስ አትለኝም" አለ። "ከስታለችም። ካርቱም ነበረች አይደል?" ከዚያ በላይ አላለም። አስተማሪ ነው፣ ቀሪውን ተማሪው ይጨርሰው ብሎ ይተወዋል። ተማሪውም ጨረሰው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሬኒየር እስከ ኦቴሎ "ሳንባ ነው" ተባለ።

እሁድ ቤተሰብ መምጣት ቀረ። ከስምንቱ ጠረጴዛ አምስቱ ባዶውን ይውል ጀመር። አንዲት እናት ፋንታዬ ሰላም ልትላት ስትጠጋ ልጇን ወደ ኋላ ሳበችው። ልጁ "ማሚ፣ ዋት?" አለ። እናትየዋ "ዝም በል" አለችው። ፋንታዬ አየች። ወደ ወጥ ቤት ተመለሰችና ቢላውን አንስታ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ከተፈች፣ የሚያስፈልገው ግማሹ ነበር።

ጥሩብርሃን ፋንታዬን ወደ ዕቃ ክፍል ጠርታ በሩን ዘጋች።

"ፋንትዬ፣ አትሳዪ።"

"ምን?"

"ሰው ባለበት አትሳዪ ነው የምልሽ።"

"ሳል በትእዛዝ ይቆማል እንዴ ጥሩዬ? አንቺ ማስነጠስሽን በትእዛዝ ነው የምታቆሚው?"

"እኔን አትቆጪኝ፣ ቤቴ እየተዘጋ ነው። ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ።"

"ራጅ ተነስቻለሁ፣ ሳንባዬ ንጹሕ ነው። ቃር ነው። ወረቀቱን ላምጣልሽ፣ በር ላይ ለጥፊው።"

"ወረቀት ማንም አያምንም። ደግሞ ወጥ ሠሪዬ ታማለች ብዬ እኔው ላውጅ? ሰው የሚያምነው ዓይኑን ነው። ድሮ ከትሪው አብረሽን ትበዪ ነበር፣ አሁን ለብቻሽ አልጫ ይዘሽ ጥግ ትገቢያለሽ። የሠራችውን የማትበላ ወጥ ሠሪ! ሰው ምን ይበል? ከሰው ጋር ብዪ፣ እያዩሽ ከቀዩ ጉረሺ። እስከ ታንክስጊቪንግ ይሄ ነገር ካልተስተካከለ ወጥ ሠሪዋን ወርቅዬን ከፖርትላንድ አስመጣለሁ። ኮል አድርጌላታለሁ፣ እሺ ብላኛለች።"

ፋንታዬ በሩን ከፍታ ወደ ድስቷ ተመለሰች። ሲያትል ውስጥ ያላት ነገር ይሄ ድስት ነው። በሱ ነው የሚያውቋት፣ በሱ ነው ሰው የሆነችው። በሳንባ በሽታ ስም ከዚህ ከወጣች ደግሞ ሌላ ወጥ ቤት አያስገባትም፣ ሐበሻ ሰርጉ ላይ እንኳን ሽንኩርት አያስልጣትም።

እሁድ ከሰዓት፣ ዝናብ እያካፋ፣ የዳንኤል ቸርች መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቆማ ጠበቀችው። መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ ሲወጣ ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጠፈችበት።

"አንብብ።"

"እንዴት ነዎት እትዬ ፋንታዬ? ጌታ ይባርክዎ፣ እንዴት..."

"ጌታ ይባርከኛል፣ አንተ አንብብ። ከላይ እስከ ታች። ሰዓትህን እንዳታይ።"

ዳንኤል አነበበ። መጀመሪያ ለራሱ ነው ያነበበው፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ፊቱ ተለዋወጠ።

"ምንድነው?"

"እትዬ... አልጫው ውስጥ ሽንኩርት ይገባል እንዴ?"

"ሽንኩርት የሌለው አልጫ የት አገር አይተሃል?"

"እዚህ ላይ... አይበሉ የሚለው ላይ... ሽንኩርት ይላል።"

ፋንታዬ ጣቷን ወረቀቱ ላይ ጫነች።

"ቀጥል።"

"ነጭ ሽንኩርት።"

"ቀጥል።"

"ቅቤ። ቅባት ያለው ነገር በሙሉ። ቅባት ያለው ሥጋ። ቃሪያ፣ በርበሬ። ቲማቲም። ቡና። ቸኮሌት። ብርቱካን፣ ሎሚ..."

"ቆይ፣ ቆይ! ይሄ ሰውዬ ሽንኩርት አትብዪ፣ ቅቤ አትብዪ፣ በርበሬ አትብዪ ካለኝ ምን ብዪ ነው የሚለኝ? ድስቱን?"

"ሩዝ ይላል። የተቀቀለ ድንች፣ ካሮት። አጃ። ቆዳው የወጣለት ዶሮ፣ ተቀቅሎ። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ከበሉ በኋላ ሦስት ሰዓት አይተኙ። የአልጋውን ራስጌ ከፍ ያድርጉ።"

"ይሄን ሁሉ ያን ቀን ነግሮሃል?"

ዳንኤል አንገቱን ደፋ። "ነግሮኛል። ባጭሩ ላድርገው ብዬ ነው። ብላንድ ሲል አልጫ መሰለኝ።"

"ስድስት ሳምንት ነው የቀቀልከኝ፣ አንተ ልጅ! ስድስት ሳምንት! መድኃኒት ነው ብዬ ቅቤ ስጨምር፣ መድኃኒት ነው ብዬ ሽንኩርት ስደርብ! ሰው በሳንባ ሲቀብረኝ አንተ እዚህ ሃሌ ሉያ ትላለህ!"

ከቸርች የሚወጣው ሰው ቆሞ ያያል። ዳንኤል ዓይኑ እንባ ሞላ። "ይቅር ይበሉኝ እትዬ። ጌታን፣ አውቄ አይደለም" አለ። ፋንታዬ ወረቀቱን ከእጁ ነጥቃ "እርሳስ አለህ?" አለችው። እዚያው መኪናው ኮፈን ላይ፣ ዝናቡን በጃኬቱ እየከለለ፣ ከያንዳንዱ እንግሊዝኛ ጎን አማርኛውን አስጻፈችው። አንድም መስመር አላስዘለለችውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ማለት ለፋንታዬ ቅጣት ሆነ። ድንች ድንች ይላል፣ ሌላ ምንም አይልም። ካሮት ተቀቅሎ የሰው ጥርስ ይሰድባል። ዶሮውን ያለ ቁሌት ውሃ ውስጥ ስትጨምረው "ይቅር በለኝ" አለችው፣ እውነቷን ነው። አጃውን እንደ አጥሚት አድርጋ ማር ጠብ አደረገችበት፣ እሱ ብቻ ሰው ሰው ሸተተ። ከሠፈሩ ግንባታ ቦታ ሁለት ሁለት ጡብ ለምና የአልጋዋን ራስጌ እግሮች አቆመችበት፤ የመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት ጠዋት እግርጌ ተንሸራታ ትገኝ ነበር። ማታ የትሪውን ሰዓት ትታ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከራሷ ትንሽ ድስት፣ በራሷ ማንኪያ፣ ቆማ ትበላለች። ቡና ሲፈላ ወደ ጓሮ ትወጣለች፣ ሽታው ሲመጣባት ቆሻሻ ማጠራቀሚያውን በእርግጫ ትመታዋለች።

መቅመስም ተወች። ይሄ ያስፈራት ነበር። ግን አገር ቤት በጾም የፍስክ ወጥ ስትሠራ፣ ለሕፃን፣ ለበሽተኛ፣ ለአራስ፣ ማን ቀምሶ ያውቃል? ቁሌቱ ጮኾ ጮኾ ድምፁ ሲሰባበር ውሃው እንዳለቀ ታውቃለች። በርበሬው ጥሬነቱ ሲወጣ ከአፍንጫ ጀርባ መኮርኮሩን ያቆማል። ዘይቱ ጠርዝ ጠርዙን ሲለይ በስሏል። ጨው በእጇ ነው፣ በሦስት ጣት። አንድ ቀን እንኳን ጨው በዛ ያለ ሰው አልመጣም።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ሙሉ ተኛች። በአምስተኛው ድምጿ ተመለሰ። በስድስተኛው ሳሉ ቆመ።

ሰው ግን ሳል መቆሙን አላየም። ሰው ያየው ሌላ ነው፦ የራሷ ድስት፣ የራሷ ማንኪያ፣ የራሷ ሰዓት፣ ወጡን አትቀምስም፣ ከትሪ አትጠጋም። "አየህ" አለ ውብአየሁ፣ "ሐኪም ዕቃሽን ለዪ ብሏታል ማለት ነው።" ስትድን ጊዜ ነው ጭራሽ የገደሏት።

የፈረንጆቹ የምስጋና በዓል፣ ታንክስጊቪንግ፣ አስራ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት፣ ጥሩብርሃን ለአንድ ልጅ ክርስትና ቤቱን አከራይታ ስምንቱም ጠረጴዛ ሞልቷል። ያኔ ነው ፋንታዬን ከወጥ ቤት የጠራቻት። ፋንታዬ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። ጥሩብርሃን ትልቁ ትሪ አጠገብ ቆማለች፣ እጇ ላይ ጉርሻ ተጠቅልሏል፣ ቀይ፣ ቅቤው በክንዷ እየወረደ።

"ወጥ ሠሪያችንን እናጉርሳት እንጂ!" አለች ጮኽ ብላ፣ እየሳቀች። ዓይኗ ግን አይስቅም። ጠጋ ብላ በሹክሹክታ "ዛሬ ነው፣ ሁሉም እያዩሽ ነው፣ አንዴ ብቻ" አለቻት።

"ጥሩዬ፣ ተዪኝ። አልችልም።"

"አፈር ስሆን!"

"አልበላም።"

"ፋንትዬ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ። በሞቴ! በሞቴ አልኩሽ!"

በሞቴ ተብሎ አልበላም ያለ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ ማንም አይቶ አያውቅም። ጉርሻው ከንፈሯ ላይ ደርሷል። የበርበሬው ሽታ ገባት፣ ምራቋ መጣ፤ እግዜር ያውቃል፣ አምሯት ነበር። የዛሬን ብትበላ ሥራዋ ይተርፋል። ነገም በሞቴ አለ። ከነገ ወዲያም አለ። እንደገና ቁጭ ብሎ ማደር፣ እንደገና ሳል፣ እንደገና ሳንባ።

የጥሩብርሃንን እጅ በአንጓው ይዛ ወደ ታች አወረደችው።

"ሦስት ዓመት በሞቴ ስትዪኝ በላሁ፣ ስሞት የነበርኩት ግን እኔ ነኝ። ዛሬ ካማረሽ አንቺ ሙቺ!"

አንዲት ሴት "ውይ!" አለች። ፋንታዬ ዞረች፣ ወደ ሁሉም።

"ሳንባ አይደለም! ሰማችሁ? ሳንባ አይደለም፣ ቃር ነው! ቃር! የኔ የጨጓራ አፍ ነው አልዘጋ ያለው፤ የናንተ ግን ይሄ የፊታችሁ አፍ ነው! የኔ ሐኪም አገኘ፣ የናንተስ?"

ሽርጧን ፈትታ ወንበር ላይ ጣለችው፣ ካፖርቷን አነሳችና ወጣች። ውጭ ዝናብ ነው። አውቶቡሱ ሲዘገይ ጊዜ እስከ ኦቴሎ በእግሯ ሄደች፣ መንገዱን ሙሉ ብቻዋን እየተናገረች።

ሁለት ቀን ከቤት አልወጣችም። ድንቿን ቀቀለች፣ አጃዋን ጠጣች፣ በየሰዓቱ። ይሄ ሁሉ ንዴት አንድዶኝ ያድራል ብላ ፈርታ ነበር፤ አላቃጠላትም። ያቃጠላት ሌላ ነገር ነው፦ ድስቱ። አሁን ማን እያማሰለው ይሆን? ቁሌቱን እያሳረረችብኝ ይሆናል፣ ወርቅዬም ትሁን ጥሩብርሃን።

ማክሰኞ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ጥሩብርሃን ነች፣ ኋላዋ ውብአየሁ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። ሽማግሌ ይዛ መምጣቷ ነው።

"ሽማግሌ አጥተሽ ይሄን አመጣሽ?" አለች ፋንታዬ በሩን ሳትለቅ።

"ፋንትዬ፣ አስገቢን፣ ብርድ ነው።"

"ወርቅዬስ?"

"ከገና በፊት አልመጣም አለች። ሁለት ቀን እኔ ሠራሁ።" ጥሩብርሃን ፊቷን አዞረች። "አትሳቂብኝ። አረረብኝ። ሰው ግማሹን ትቶ ሄደ።"

ውብአየሁ ጉሮሮውን ጠረገ። "ልጄ፣ እኔ ደግሞ... አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ወረቀት አለ አሉ። አይበሉ ይበሉ የሚለው። ዳንኤል በአማርኛ የጻፈልሽ።"

"ለምንዎ ነው?"

ኪሱ ገባና አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣ። ጠመኔ የመሰለ ክኒን፣ ግማሹ አልቋል። "ይሄን እየቆረጠምኩ ነው የምነዳው። አራት ዓመት ሆነኝ። ማታ ማታ መሪው ላይ ደፋ ብዬ ነው የማርፈው፣ መተኛት አልችልም።"

ፋንታዬ ጠርሙሱን አየች፣ ሰውዬውን አየች። ያ ጎድጓዳ ቦታዋ ላይ የሆነ ነገር ተነሳ፤ ቃር አልነበረም።

"እርስዎም ቃር አለብዎት?"

"አለብኝ።"

"ያውቁት ነበር! ምን እንደሆነ እያወቁ! ኪስዎ ውስጥ ይሄን ይዘው ነው ሳንባ ነው ያሉኝ?"

"የኔ አያስለኝማ፣ አንድ መሆኑን በምን ልወቅ..."

"ሊጠይቁኝ አይችሉም ነበር? አፍ የለዎትም? አፍዎ እንደሆነ መቼ ዘግቶ ያውቃል!"

ሽማግሌው ጠርሙሱን ወደ ኪሱ መለሰ። ጥሩብርሃን መሀል ልትገባ ስትል ፋንታዬ እጇን አነሳችባት። "አንቺ ቆዪ፣ ያንቺም አለ። እመጣለሁ። እመጣለሁ ግን መቅመስ የሚባል የለም፣ መቅመስ ካማረሽ ራስሽ ቅመሺ። ማታ ትሪ ላይ አልቀመጥም። አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ምግቤን እበላለሁ፣ ጓሮ ተደብቄ አይደለም፣ ሰው መሀል፣ ከሳህኔ። በሞቴ ብሎ እጁን የሚዘረጋብኝ ሰው እነክሰዋለሁ።"

"እሺ።"

"እርስዎ ደግሞ፣ በዚያው ባወሩበት አፍዎ ይመልሱታል። ቅዳሜ፣ ሰው ሞልቶ ሳለ፣ ተነስተው። ወረቀቱን ከዚያ በኋላ ያገኛሉ።"

"ሰው ፊት?"

"እኔን የት ነበር ያሙኝ? ጫካ?"

ቅዳሜ ውብአየሁ ተነሳ። ፋንታዬ ወጥ ቤት ሆና በወጥ ማቀበያዋ መስኮት ታያለች። ብርጭቆውን በማንኪያ ነካ ነካ አደረገ፣ እንደ ትምህርት ቤት ደወል።

"ስሙኝማ" አለ። "የፋንታዬን ነገር በተመለከተ... እኔ የማይሆን ነገር ተናግሬያለሁ። ቃር ነው። ሐኪም አይቷታል። የማይተላለፍ ነገር ነው። እኔም አለብኝ።" ክኒኑን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ከኋላ አንድ የሶዶ መጋዘን ሠራተኛ "እኔም እኮ ይሄው፣ ወተት ነው የምጠጣው" አለ። ሚስቱ "ያ ሁሉ ማግሳት ከሱ ነው እንዴ?" አለች። ሌላው ደረቱን ይዞ "እዚህ ጋ ነው አይደል?" ይላል። አንዷ ትራሷን ስንት እንደምትደራርብ ትናገራለች። ቤቱ ገበያ ሆነ። ግማሹ ሰው ይቃጠል ኖሯል፣ ደብቆ።

ይሄን ስትሰማ ፋንታዬን ንዴቱ ይለቃታል ብላችሁ ከሆነ አልለቀቃትም። እንዲያውም ባሰባት። ይሄ ሁሉ ሰው ሕመሙን በገዛ ጉሮሮው እያወቀው ነው ከሁለት ወር በላይ ጠረጴዛ የሸሸባት። እናትየዋም ነበረች፣ ልጇን የሳበችው፣ እሷም እጇን አንስታ "ፋንታዬ፣ ለኔም ንገሪኝ፣ ምን ምን ነው የሚበላው?" ትላለች።

"አሁን ሥራ ላይ ነኝ" አለቻት ፋንታዬ በመስኮቱ።

አስራ አንድ ሰዓት ሆነ። ሽርጧን ሳትፈታ ሳህኗን ይዛ ወጣች፦ ሩዝ፣ ካሮት፣ የተቀቀለ ዶሮ። መሀል ላይ ካለው ጠረጴዛ ወንበር ጎትታ፣ ማንንም ፈቃድ ሳትጠይቅ፣ እናትየዋና ልጇ ፊት ለፊት ተቀመጠች። በላች። ቀስ ብላ ነው የበላችው፣ እያላመጠች፣ ሁሉንም በየተራ በዓይኗ እያየች። ልጁ ሳህኗን አይቶ "ኢዝ ዳት ኦል?" አላት። "አዎ፣ ይሄው ነው" አለችው። እናቱ ልትስበው እጇን ዘረጋችና መለሰችው። ፋንታዬ እስከ መጨረሻዋ ካሮት ድረስ በላች፣ ሳህኗን አነሳች፣ ወደ ድስቷ ተመለሰች።